ጀርባ አላነሣም

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ነገ ወጨጫ ተራራ። የካሜራው ባትሪ ሞልቷል። እንደ ሁልጊዜው ከፊት ሆኜ አነሣለሁ። ፎቶ ፊት ነው፤ ጀርባ አላነሣም። የእግር ጉዞ ማኅበራችንን ደንብ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አራተኛው፦ «ወደ ኋላ የቀረን ማንም አይጠብቅም።» አስተባባሪያችን ናዝራዊት ከረረ ትላለች። ይክረር። ተራራ አያባብልም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6
ከቤቴል አሥራ ስምንት ሆነን ተነሣን። ሸዋገነት ዘግይታ መጣች፣ ያውም ነጠላ ለብሳ። ሰው እየሰማ ተቆጣኋት። ተራራ በነጠላ አይወጣም አልኩ። ልምዴ ነው ጋሼ ብላ ፊቷን አዞረች። የስልሳ ዓመት ሴትን እንደዚያ መናገር ነበረብኝ?

ወርደን ሚኒባሱ ጋ ስንቆጠር አሥራ ሰባት። ሸዋገነት የለችም። ስልኳ ዝግ። አንዱ ገደል አነሣ፣ ሌላው ጅብ። ናዝራዊት አየችኝ... ደንብ አራትን ጮክ ብላ ብታነብልኝ ይሻል ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አኩርፋ ብቻዋን ሄዳ ቢሆንስ? ወድቃ ቢሆንስ?

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ካሜራውን ከፈትኩ። ስንወርድ አንድ መንደር ጋ ዞር ብዬ ያነሣሁት አንድ ፎቶ አለ። ልሰርዘው ነበር፤ ዳር ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ አበላሽቶታል። አጎላሁት። ሸዋገነት ናት። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ጥለቱ አንገቷ ላይ።

ጠዋት ጥለቱ ከታች ነበር። የተቆጣሁበትን ነጠላ እረሳለሁ?

«ልቅሶ ቤት ገብታለች» አልኩ።

«እዚህ አገር ማንን ታውቃለችና?» አለች ናዝራዊት።

ማንንም አታውቅም። በመንደሩ ስናልፍ ዋይታውን ሁላችንም ሰምተናል... እኛ አለፍን።

ተመለስን። የልቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፣ ስልኳን አጥፍታ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ግን ልቅሶ ላይ ማን ይቆጣል? ገብቶ ወዲያው መውጣትም ነውር ነው። አሥራ ሰባታችንም በጭቃ ጫማችን ለማናውቀው ሟች ተቀመጥን። ንፍሮ ተሰጠን።

ስንወጣ ጠጋ አለችኝ። «ሲያለቅሱ እየሰማሁ እንዴት ልለፍ ጋሼ? እናንተ እንደማትጠብቁኝ አውቃለሁ። በታክሲ እመጣለሁ ብዬ ነው።»

እንደማንጠብቃት አውቃ... ግን ደህና ናት። በሁለት እግሯ ከፊቴ ቆማ ታወራኛለች። ተመስገን።

እሑድ፣ ኅዳር 7
ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ። ታምሜ አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11
ናዝራዊት ደወለች። አራተኛውን እንሰርዘው ወይ አለች። አልሰርዝም፤ ደንብ ደንብ ነው አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ከሥሩ «ልቅሶ ሊደርስ የቀረን ሳይጨምር» ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቼ «የደከመውንም»...

ያን የተበላሸ ፎቶ ኮልፌ ወስጄ አሳተምኩት። ግድግዳዬ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20
መናገሻ ጫካ። ሸዋገነት መጣች፣ በነጠላ። ዛሬ አልተቆጣሁም።

ሁሉንም አሳልፌ መጨረሻ ላይ ሆንኩ። ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች። «ጋሼ፣ ወደ ኋላ ቀሩ እኮ። ማንም አይጠብቅዎትም።»

ፎቶ እያነሣሁ ነው፣ ሂጂ አልኳት።

እያነሣሁ ነበር። አሥራ ሰባት ጀርባ። ከእኔ ጋር አሥራ ስምንት።