ዋስ ያጣችው ሮማን

ኢስፋንድ 4

መስታወት ስቆርጥ ዋልኩ። ለአራቱ ቦዮች። አራት ቦይ፣ አራት መደብ፣ መሃል ላይ ገንዳ... አባባ የተወልን፣ አሁን ከእማዬ ጋር ያለሁበት የካሻን ከተማ ግቢ እንዳለ ቴህራን ጋለሪ ወለል ላይ ሊዘረጋ ነው። ውኃው ስባሪ መስታወት፣ ጥዱ የዛገ ብረት። የጋለሪዋ ባለቤት ወይዘሮ ሹዕለ ደወለች። «ትንሽ አበባ ብትጨምሪበትስ? ወፍ ነገር?» ወፍ! አገሩ ሁሉ ወፍና አበባ እየሣለ ነው እንጀራውን የሚበላው። እኔ የማሳየው አጥሩን ነው። ማን ገነት ገባ፣ ማን በረሃ ላይ ቀረ...

አውራ ጣቴን መስታወት ቆረጠኝ። ብዙም አልደማ።

ኢስፋንድ 7

የእማዬን ምንጣፍ በቢላዋ አራት ቦታ ቀደድኩት። ስትዳር ይዛው የመጣችው ነው፤ ቦዩ፣ ዓሣው፣ የማያረጀው ጥድ፣ ሁሉም የተሸመነበት። ጮኸች።

«አባትሽ የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም!»

«ለሥራ ነው እማዬ።»

«ሥራሽን እሳት ይብላው!»

እውነቷን ነው። ግን ቢላዋው ሲገባ ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ?

ኢስፋንድ 9

ኢራጅ በሩን በእርግጫ ብሎ ገባ። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፣ በቁጣ ግን እኩዮች ነን። ግቢውን ቪላ ለሚሠራ ሰው እንሽጥ ይላል። ያለ እኔ ፊርማ አይሸጥም።

«አንቺ ቴህራን ተቀምጠሽ ጥበብ ጥበብ ትያለሽ። የመስኖ ውኃ ተራ በደረሰ ቁጥር ጭቃ ውስጥ የሚገባው ማነው? እኔ ነኝ!»

«አልፈርምም። የአባባ ግቢ ነው።»

«የአባባ!» ብሎ ሳቀ። የሻይ ብርጭቆውን ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ስባሪውን ለቅሜ ከመስታወቶቼ ጋር ቀላቀልኩት። ምን ላድርግ፣ ሰማያዊው ያምራል።

ኢስፋንድ 12

ገንዳው አጠገብ ያለችው ሮማን ሦስት ዓመት አላፈራችም። ዛሬ እሷን እያየሁ መጣልኝ... ማስፈራራቱ!

አባባ አዲስ ዓመታችን ኖሩዝ ሲቃረብ ያላፈራ ዛፍ ፊት መጥረቢያ ይዞ ይቆም ነበር። «ይህቺ መካን ምን ታደርግልኛለች? ልቁረጣት!» ይልና በመጥረቢያው ጀርባ አንዴ፣ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋታል። ከሦስተኛው በፊት እኔ ሮጬ ግንዷን አቅፋለሁ። «ተው አባባ! ዋሷ እኔ ነኝ! ለከርሞ ታፈራለች!» ዛፉ ይሰማል ይባላል። ፈርቶ ያፈራል።

ይህን ነው በቪዲዮ የምቀርጸው። መስታወቱ መሃል፣ ትልቅ ግድግዳ ላይ። ገነት ውስጥ መጥረቢያ! ዋሷ እኔ ራሴ። መጥረቢያውን ማን ይያዝ? ኢራጅ። ተዋናይ አልፈልግም፤ እውነተኛ ንዴት ነው የምፈልገው። ተንኮለኛ ነኝ? አዎ፣ ነኝ።

ኢስፋንድ 13

ነገርኩት። «ይህን ከሠራህልኝ ስለ ፊርማው እናወራለን» አልኩት። ውሸቴን ነው።

«ለዛፍ ዋስ ትሆኚ ነበር» አለኝ። «እዚያችው ገንዳ አጠገብ አባባ በቀበቶ ሲገርፈኝስ የት ነበርሽ?»

«ልጅ ነበርኩ ኢራጅ።»

«ለዛፉም ልጅ ነበርሽ።»

እሱ ይህን ሲል ምን አሰብኩ? ይህ ፊት ካሜራ ላይ እንዴት ያምራል! አሰብኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እሺ ብሏል። ከነገ ወዲያ።

ኢስፋንድ 17

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ሆስፒታል። ሁለት ጣት የለም። ከቀኙ። የቀለበቷና ትንሿ።

በቃ።

ኢስፋንድ 19

ልጻፈው። ካሜራውን የቪዲዮ ባለሙያው ፔይማን ያዘ። ኢራጅ አንዴ በጀርባው መታ። ሁለተኛውን በስለቱ። ቅርፊቱ ተፈናጥሮ ጉንጬን መታኝ። እኔ ዋሷ ነኝ ልል ስል ሦስተኛው ወረደ። እጄን ሰድጄ ነበር... ጣቶቼን መሬት ላይ አየኋቸው። ሌላ ሰው የጣላቸው ይመስሉ ነበር።

ፖሊሱ አልጋዬ ድረስ መጣ። «ሆን ብሎ ነው?» አለኝ።

«አዎ። ሆን ብሎ ነው።»

ይበስብስ! ጣት በጣት ይቆረጥለት። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። በየትኛው እጄ ነው መስታወት የምቆርጠው? ብረቱንስ ማን ያጣጥፍልኝ? ሃያ አምስት ዓመት የለፋሁበት እጅ ነው! ሲቆርጡት ቆሜ አያለሁ። አልዞርም።

ኢስፋንድ 24

ቤት ገባሁ። እማዬ አልጋዬ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ልሙትልሽ ልጄ፣ ይቅር በይው።»

«ጣቶቼን አምጪና ይቅር እለዋለሁ።»

«ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣችሁት!»

«ማሕፀንሽ መጥረቢያ ወልዷል እማዬ!»

በጥፊ አለችኝ። በአርባ ሰባት ዓመቴ። ጥሩ አደረገች።

ኢራጅ ታስሯል፤ ዳኛው ለአዲሱ ዓመት፣ ለፋርቫርዲን 20 ቀጥሯል። ወይዘሮ ሹዕለም ደወለች። ሐዘኗን በሁለት ቃል ጨርሳ፣ «ቪዲዮው ግን አለ አይደል?» አለች።

«አለ።»

«እሱ ብቻውን ይበቃል። ብረቱንም መስታወቱንም ተይው። ሰው ይጎርፋል የኔ ቆንጆ!»

ስድብ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። እሺ አልኳት።

ፋርቫርዲን 1

ኖሩዝ። እማዬ የኢራጅን ሳህን ገበታው ላይ አኖረች። አነሣሁት። መልሳ አኖረችው። በመስኮት ወረወርኩት። ዓመቱ እንዲህ ገባ።

ፋርቫርዲን 13

ኖሩዝ አሥራ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዛሬ ቤት የሚውል የለም፤ አገሩ በሙሉ ሜዳ ወጥቷል። እማዬን ጎረቤቶች ወሰዷት። ብቻዬን ቪዲዮውን ከፈትኩት።

ያላስታወስኩት ነገር አለ።

ከሁለተኛው በኋላ ኢራጅ ቆመ። መጥረቢያውን አናቱ ላይ እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ይጠብቀኛል። «በይ እንጂ» ይላል። አምስት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። እሱን አላየውም... የማየው ካሜራውን ነው። እየቀረጸ መሆኑን። ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሱዲ፣ በይ እንጂ!» ሱዲ ብሎ የጠራኝ ከልጅነታችን ወዲህ መቼ ነው? ዝም። ምስሉ ስላማረኝ ዝም። ከሥር ቁጥሩ ይሮጣል። አርባ አንድ ሰከንድ።

ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። እጄ የገባው መጥረቢያው መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው። አላየኝም። እንዴት ይየኝ፣ ጨፍኖ! ወዲያው መጥረቢያውን ጥሎ፣ ሸሚዙን ቀዶ እጄን ሲጠቀልል ይታያል። እንደ እብድ ይጮኻል። እኔ ደግሞ በደህናው እጄ ፊቱን እየቧጠጥኩ ነው።

ሦስቴ አየሁት።

ፋርቫርዲን 15

ፔይማን ደወለ፣ ለጋለሪው እያስተካከለው ነው። «ያቺን ዝምታ ልቁረጣት? ረዘመች።»

«እንዳትነካት!» ብዬ ጮኽኩበት።

ዳኛው ካያት እኔ ውሸታም ነኝ። ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ውሸት፣ ለወንድሜ የሰጠሁት ቃል ውሸት። ካላያት ኢራጅ ጣቱን ያጣል። ማንም አያውቅም። ጋለሪው ይሞላል፣ ስሜ ይገናል... ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። እንዳላሰብኩ አልጽፍም።

ፋርቫርዲን 20

ኢራጅን በነጠላ ጫማ አመጡት። ከስቷል። ፊቱ ላይ የጥፍሬ ሰንበር አለ።

ቪዲዮውን ለዳኛው ሰጠሁ። አየው። መልሶ አየው። ያቺን ቦታ አቆማት።

«እዚህ ላይ ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«ጥሩ ምስል።»

«ለፖሊስ ሆን ብሎ ነው ብለሻል።»

«ዋሽቼ ነው።»

«ለዚህ ቃልሽ ትጠየቂያለሽ፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

እማዬ ከኋላዬ ጮክ ብላ አለቀሰች። ኢራጅ ቀና አላለም። የይቅርታውን ወረቀት በግራ እጄ ፈረምኩ፤ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ይሻላል። አሻራም አስነኩኝ። ለወይዘሮ ሹዕለ ደውዬ ቪዲዮው አይታይም አልኳት። «ሥራሽን ገደልሽው» ብላ ዘጋችብኝ። ዘጋችብኝ እንጂ አልተሳሳተችም።

ፋርቫርዲን 26

ኢራጅ ተፈታ። እኔ ደግሞ በሐሰት ቃሌ ለሚቀጥለው ወር ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለብኝ።

ምሳ ገንዳው አጠገብ በላን። ሮማኗ አልወደቀችም፣ ግን እስከ ግማሽ ተተርትራለች፤ ቅጠል የለም። እማዬ ቂጣ፣ አይብ፣ ናዕናዕ አቅርባ ሆን ብላ ገባች። በግራ እጄ ልጠቀልል ስል ይበተንብኛል። ኢራጅ ሲያይ ቆየና «አምጪ» አለ። ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ለግቢው እፈርምልሃለሁ» አልኩት።

«ተይው አሁን። ብዪ።»

«ኢራጅ... አርባ አንድ ሰከንድ ነው ዝም ያልኩህ።»

ሌላ ቂጣ አነሣ። አይቡን ቀባ፣ ናዕናዑን ለቀም ለቀም አደረገ።

«እኔ አልቆጠርኩም» አለ። «ሦስተኛውን ልመታት አልነበረም ሱዲ። ክንዴ ዛለብኝ።»

የሰጠኝን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።