ባዶ የተባለው ባሕር

ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን

ለልጄ እናት፣

እኅትሽ ቤት እንዴት ይዞሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን ማን ጻፈለት ብለሽ አትድከሚ፤ ጸሐፊው እኔው ነኝ! ሌላው ሰው ዓመት የፈጀበትን የማታ ትምህርት በስድስት ወር ጨረስኩት። መምህሯ "እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም" ብላኛለች፤ ስለ ጽሕፈቴ ይሁን ስለ ወሬዬ አልጠየቅኋትም።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ራዲዮኑን ግን አላጠፋም፤ ስበላም ስተኛም ይለፈልፋል። ጸጥታ አልወድም።

ሥራዬም ያው ነው። ከጥናት ጀልባዋ አናት ላይ ቆሜ ዓሣ ነባሪ የማየው እኔ ነኝ፤ ካፒቴኑ "ንስሩ" የሚለኝ በከንቱ አይደለም። ዶክተሯ (ሰው አታክምም፣ የምታጠናው የባሕር እንስሳ ነው) ያየሁትን ትመዘግብና ኮምፒውተር ውስጥ ትከተዋለች። ከባሕሩ ጥልቀት፣ ከውኃው ሙቀትና ከሚበሉት ነገር ጋር አገናኝታ የት መኖር እንደሚስማማቸው በካርታ ታወጣለች። ሞዴል ይሉታል። ለዓሣ ነባሪ ቤት የሚያፈላልግ ደላላ በይው። ደላላው ግን እኔ የነገርኩትን ነው የሚያምነው።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዋ ስገባ አዲሱ ካርታ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ድሮ ቢሆን "ቀለሙ ያምራል" ብዬ አልፍ ነበር። አሁን ማን ይቻለኝ! ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከታች "ተመልካች፦ ንስሩ" ይላል። ደረቴ ተነፋ። ጣቴን ሽቅብ እየጎተትኩ ሁለቱ ቋጥኞች መሐል ካለችው ነጭ ቦታ ደረስኩ። "ዓሣ ነባሪ የማይገኝበት" ትላለች። በመሐሏ ቀይ መስመር ያልፋል።

"ይኼ ቀዩ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የትልልቆቹ መርከቦች አዲስ መንገድ ነዋ፣ አባባ። እርስዎ ባዶ ቦታ አገኙልን እኮ! አርብ ይጸድቃል።"

ቋጥኞቹን ታውቂያቸዋለሽ። ልጃችን የቀረው እዚያ ነው።

እውነቱን ልንገርሽ። እሱ በሰጠመ በወሩ፣ ጀልባዋ በዚያ ስታልፍ አንድ ጥቁር ጀርባ ከውኃው ብቅ አለና ተነፈሰ። "ያውና!" ልል አፌን ስከፍት የወጣኝ የልጄ ስም ነበር። ካፒቴኑ "ምን አልክ?" አለኝ። "አስነጠሰኝ" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቋጥኞቹ ጋ ስንደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዶክተሯ ከታች "ምን አዩ?" ስትል "ምንም" እላለሁ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ዓይኔን ብገልጥ እኔው አገኘዋለሁ ብዬ ፈራሁ። በጆሮዬ ግን ከግራም ከቀኝም ሲተነፍሱ እሰማ ነበር። ብዙ ነበሩ።

አንቺ የሄድሽው በለቅሶው ላይ ቀልድ አወራህ ብለሽ ነው። ልክ ነሽ፣ አወራሁ። ዝም ስል የውኃው ድምፅ ይመጣብኝ ነበር።

ሰኞ ካርታው ፊት ጣቴ ቀዩ መስመር ላይ ቀረ። "አመመዎት እንዴ?" አለች። ነገርኳት። ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሁለት ዓመት፣ አባባ? ያላዩትን የለም አሉኝ? መርከብ እኮ አይቶ አይቆምላቸውም፤ ጨፍልቋቸው ነው የሚያልፈው!"

"ታዲያ አሁን አሉ ብለሽ ጻፊያ።"

"አሁንስ ቃልዎን እንዴት ልመን? ሄዶ ማየት ነው እንጂ።"

ካፒቴኑማ ሲሰማ፣ "ንስር ተኝቶ ያድናል እንዴ?" ብሎ ተሳለቀብኝ። በእኔ ሲቀለድ፣ ጉድ በይ!

ትናንት ሄድን። ከንጋት ጀምሮ ዓይኔን ሳልከድን ቆምኩ። ውኃው ዘይት መስሎ ተኝቷል። የመቆሚያዬን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ዘጠኝ ዓሣ ነባሪ ቆጠርኩ፤ ዶክተሯም በመነጽሯ አየቻቸው። ከጀልባዋ ሳንወርድ ደውላ ካርታው እንዲታገድ አደረገች። ቦታው ዳግም እስኪጠና መንገዱ አይጸድቅም ተብሏል። የሁለት ዓመት ጥፋቴን በአንድ ቀን አቃናሁ፤ ከእኔ ሌላ ማን ይችላል?

ልንመለስ ስንል ግን ከቋጥኙ ሥር አንድ ጀርባ ወጣ። ትንሽ ነው። ክንፍም ጅራትም አላየሁበትም። ረጅም ተነፈሰ፣ ወደ እኔ ዞር ያለ መሰለኝ፣ ገባ። ዶክተሯ ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ትሰበስብ ነበር፤ ትንፋሹን ሰምታ፣ "አሥር ልበል?" አለችኝ።

እርሳሱን ከእጇ ወስጄ መዝገቧ ላይ በገዛ ጽሕፈቴ "አላወቅሁትም" ብዬ ጻፍኩ።

እንቅልፍሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኅትሽን ሳሚልኝ።

አሁንም ባልሽ ከሆንኩ፣
ባልሽ