ያልቆጠርኩት ሽፋሽፍት

ታኅሣሥ 6
ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ትራኮማ መጠይቅ ሞላን። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ምን ያህል እንደምናውቅ ሊያጠኑ ነው አሉ። ከሃያው አሥራ ዘጠኙን መለስኩ። አማኑኤል ከእኔ ኮርጆ አሥራ አራት... ኩረጃም ችሎታ ይጠይቃል ለካ። በዝንብ፣ በእጅ፣ በፎጣ ይተላለፋል፤ ሲደጋገም የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። እንደ ፋቲሓ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ነገ ወደ ቆጋ ለመስክ ሥራ እንወጣለን። እናቴ ስንቅ ስታጭቅ አመሸች።

ታኅሣሥ 8
ሰልፉ እስከ ጤና ኬላው አጥር ድረስ። ብቻዬን አርባ ስድስት ሰው አየሁ። የዓይን ነርሱ ጋሽ አስናቀ ግን... ቀርፋፋ ናቸው። አንድ ሰው ሲያዩ እኔ አራት። ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ መስኖ ውሃው ተራ። ሐኪም ናቸው ወይስ ዘመድ ጠያቂ?

መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የሚባሉ እናት መጡ። ግራ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል፣ አያይም። ቀኙን በባትሪ አየሁት፤ ብሌኑን የሚነካ ፀጉር የለም። "ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም" ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋቸው።

ታኅሣሥ 9
ያሳፍራል። ግን ልጻፈው።

ጧት ጋሽ አስናቀ ካርዶቹን ሲያገላብጡ ወለተ ኪዳን ላይ ቆሙ። ሴትዮዋ አንገታቸው ላይ ምን አስረዋል አሉኝ። ማተብ... አብሮት ትንሽ ብረት። የጆሮ ኩክ ማውጫ መስሎኝ ነበር።

"ወረንጦ ነው፣ ዘይነት" አሉ። ካርዱን ይዘው ተነሡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋ ቤት ድረስ በእግር ሄድን። ጋሽ አስናቀ ሽፋሽፍታቸውን መቼ እንደነቀሉ ጠየቋቸው።

"ሐኪሞች መጡ ሲሉኝ ትናንት ማለዳ ነቀልሁት" አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን። "እንደዚያ ሁኜ እንዴት ሰው ፊት እቀርባለሁ?"

ለእኔ ብለው! ጋሽ አስናቀ ቆቡን ገልብጠው አሳዩኝ። ጠባሳ ብቻ። የተነቀለው ፀጉር ጉቶው ብቅ ብሎ የቀራቸውን አንድ ዓይን ይወጋል። ቆብ ሳልገለብጥ፣ ሽፋሽፍት ሳልቆጥር... አሥራ ዘጠኝ ከሃያ።

የቀዶ ሕክምና ዘመቻው ነገ ቅዳሜ ያበቃል። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግን አሻፈረኝ አሉ። የውሃ ተራቸውም ነገ ነው፤ ካለፋቸው ድንቹ ይደርቃል። እኔ ስለ መታወር ንግግር ጀመርኩ። ጋሽ አስናቀ ተነሥተው ወጡ። የውሃ ዳኛውን ፈልገው፣ ተራውን ከጎረቤት ጋር አለዋውጠው ተመለሱ። ቀበሌውን ሁሉ በስም ያውቁታል። ያ ሁሉ የድንች ወሬ ሥራቸው ኖሯል። እንደ እሳቸው መሆን እፈልጋለሁ። ከልቤ።

ታኅሣሥ 11
ትናንት ቀዶ ሕክምናው በጋሽ አስናቀ እጅ ተሠራላቸው። ዛሬ ፋሻው ተነሣ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ዓይናቸውን ጨፈን፣ ከፈት። ደግሞ ጨፈን። መውጋቱን እየጠበቁ።

"ተወኝ እኮ" አሉ ቀስ ብለው። አለቀስኩ። ሐኪም አያለቅስም ያለው ማነው?

ከዚያ ልጃቸውን እሌኒን እጇን ይዘው ወደ እኔ አቀረቧት። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ዓይኖቿ ጥርት ያሉ፣ የሚያምሩ። ጋሽ አስናቀ ባትሪውን ዘረጉልኝ። አልተቀበልኳቸውም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፣ ስለ ድንቹ። በኋላ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መቼ እንደነቀለች።

አቀረቀረች።

"ዛሬ ማለዳ" አለችኝ።