ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኛ ከሩጫው በቀር ምንም አልሆንንም፤ ደህና ነን።

በዚህ ሴሚስተር ሦስት ኮርስ ጭነውብኛል። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን «አንቺ ትችይዋለሽ» ሲለኝ እንደ ሞኝ ደስ ይለኛል። ለማዕረግ ዕድገቴ የቀረኝ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ነው፤ እሱንም ቁጭ ብዬ እንደ መጨረስ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ።

ተማሪዎች እኔን ለማነጋገር የሚመዘገቡበትን ወረቀት ቢሮዬ በር ላይ እለጥፋለሁ። ማክሰኞ ሳየው ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጄ ስም በእርሳስ ተጽፏል። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ኮሪደሩ ላይ ተራዋን ጠብቃ፣ አንኳኩታ ገባች። ሳቄ መጣ።

«ምን ልርዳሽ፣ ተማሪ?» አልኳት።

«አባዬ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅም!»

«ታዲያ በስልክ ‹ሁለተኛ ክፍል እንዴት ነው?› ለምን አለኝ? አራተኛ እኮ ነኝ።»

ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። ቀጣዩ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ሰዓቷን አክብራ ወጣች።

እውነትም በዝቶበታል። የዶክትሬት ትምህርቱን ለሦስተኛ ጊዜ አራዝመውለታል። እኔም አልፌበታለሁ፤ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።

አንተ እሱ ባለበት ከተማ ስላለህ፣ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን ሹራብ አድርስልኝ። እዚያ ብርዱ ሳይጀምር አይቀርም። ቅዳሜ ጠዋት ከቤት አይጠፋም። ብቻ ስትሄድ ቀድመህ አትደውልለት።

ልጆችህን አገላብጠህ ሳምልኝ።

ታናሽ እህትህ