ለአዴ ጫልቱ የሰጠሁት በርሜል

ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30
አዳማ ላይ ጎርፍን በደረቱ ያቆመ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እሺ፣ በደረት ሳይሆን በአካፋ። ብዙም አልቆመልኝም።

ደብተሬ፣ ትናንት የዘነበው ለጉድ ነው። የኮንክሪት ሚክሰሩ የሚታጠብበት ጉድጓድ ሞላና ነጩ የሲሚንቶ ውሃ በአጥሩ ሥር አልፎ ሰፈር ገባ። የአካባቢ ጥበቃ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በማታ ት/ቤት አማርኛ ማንበብና መጻፍ ከተማርኩ ወዲህ የግንባታ ሳይቱ ጸሐፊ በሉኝ። ካቦው አሁንም በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። (ይህን ቢያነብ ይገድለኛል። አያነብም።) «ውሃ ወጣ» ብዬ ጻፍኩ። ኢ/ር ሰላም መጠኑንም ጻፍ አለችኝ። «ብዙ» የሚል ጨመርኩ። ሳቋን ዋጠችው፣ አየኋት።

ረቡዕ፣ 11 ሰዓት
የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ። አዴ ጫልቱ የሳይቱ በር ላይ ቆመዋል። ከአጥሩ ጀርባ ከአባ ገመቹ ጋር የሚኖሩት ናቸው። ባልየው አርጅተዋል፣ ከአልጋ እምብዛም አይነሱም። ባዶ በርሜል ለመኑኝ።

በእኛ ሳይት ልማድ ነው። ባዶ በርሜል ለጎረቤት ይሰጣል፣ ጎረቤት ደግሞ አቧራችንንና ጭቃችንን ችሎ ዝም ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ግን የኬሚካል በርሜል ከሳይት አይውጣ ይላል። ለካቦው ጮክ ብዬ ያነበብኩለት እኔው ነኝ።

ሰጠኋቸው። ሰማያዊውን፣ ኮንክሪት ቶሎ እንዲጠነክር የሚጨመረው ኬሚካል የነበረበትን። ሁለቴ አጥቤዋለሁ። ለልብስ ማጠቢያ ብቻ ነው፣ እንዳይጠጡበት ብዬ ነገርኳቸው። ገለቶሚ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ ብለው አመሰገኑኝ። በርሜሉን እየገፋሁ ቤታቸው ድረስ አደረስኩ። ዛሬ የተመረቅኩት ለአንድ ወር ይበቃኛል።

ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት
አባ ገመቹ ታመዋል። ሆዳቸውን ነው፣ ያስመልሳቸዋል። ጎረቤቱ እርጅና ነው ይላል። አዎ፣ እርጅና ነው።

9 ሰዓት። በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። በርሜሉ ከጓዳው በር አጠገብ ቆሟል። ክዳኑ ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ተደፍቶበታል።

በኩባያ ልብስ አይታጠብም።

ማክሰኞ
ሆ/ል ወሰዷቸው። በባጃጅ፣ ታጥፈው። እግራቸው ውጭ ቀርቶ ነበር፣ እኔ ነኝ ወደ ውስጥ ያስገባሁት። ቀላል ነው፣ እንደ እንጨት።

ኢ/ር ሰላም ጠራችኝ። ካቦው ቀደመኝ፦
«በርሜሉ ተሰርቆ ነው የሚሆነው። ተሰርቋል ብለህ ጻፍ። ፊደል የቆጠርከው አንተ አይደለህ?»
እሷ እሱን አላየችውም።
«ሐኪሞቹ ምን እንደነበረበት ማወቅ አለባቸው። አንተ ነህ የሰጠኸው?»
ሰጠሁ አልኩ። ግን እንዳይጠጡበት ነግሬያቸዋለሁ። ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሮጣ ሄዳ የበርሜሉን ጽሑፍ ፎቶ አነሳች፣ ለሆ/ል ላከች። መዝገቡ ላይም ጻፍኩ፦ በርሜል ወጣ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷል። የእጅ ጽሑፌ አምሮበታል፣ የተረገመ።

እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ማስጠንቀቂያውን ማለቴ ነው። ያወራሁት እኔው ነኝ፣ ጀበና ቡናው ጋም፣ ባጃጅ ተራም።

ሐሙስ
ብርቱካን ይዤ ሆ/ል ሄድኩ። አባ ገመቹ ሰው አይለዩም። ኩላሊት ነው ተባለ። ሐኪሙ በርሜሉ ነው አላለም፣ አይደለምም አላለም።

አዴ ጫልቱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ናቸው። ለማሳቅ ሞከርኩ። ሽማግሌው እኮ የሆ/ል አልጋ አምሯቸው ነው አልኩ። አልሳቁም። እጄን ያዙኝ።
«ልጄ፣ አስጠንቅቀኸኝ ነበር ይላሉ ሰዎቹ። እኔ አላስታውስም። ጆሮዬ ነው ወይስ ልቤ የሞተው? በገዛ እጄ እኮ ነው የቀዳሁለት።»
የበኩር ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እናቱን አያይም።
ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። ቀልድ አንድም አልመጣልኝም።

አርብ
አባ ገመቹ አረፉ። 9 ሰዓት ላይ ተቀበሩ። ካቦው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አይዞህ አለኝ፣ አንተ የሚጠበቅብህን አድርገሃል። ልጅየው ከቀብር መልስ ከእናቱ ጋር አንድ ታክሲ አልገባም። አዴ ጫልቱ ከጎረቤት ጋር ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ ለብቻቸው ያወሩ ነበር አሉ። ሰምቼ ነበር ወይ፣ ሰምቼ ነበር ወይ እያሉ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 12፡40
ሥራ አልገባሁም። ለቅሶ ቤት ልሄድ ነው። ልጃቸው ፊት እናገራለሁ። ቢመታኝም ይምታኝ፣ ከሳይት ብባረርም ልባረር፣ ብታሰርም። አባ ገመቹ እንደሆነ አይመለሱም። አፌ እንዳይተሳሰር መጀመሪያ እዚህ ልጻፈው።

ደብተሬ፣ ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ማጠቤም እውነት ነው። የረቡዑ አንድ መስመር፣ የማስጠንቀቂያው፣ ግን ውሸት ነው። ያን ቀን ማንም ሳይታመም ለምን ጻፍኩት? የጻፍኩት ጥሩ ሰው ልምሰል ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ስለው ለእኔም እውነት መሰለኝ።

አዴ ጫልቱ አልረሱም። ጆሯቸውም ደህና ነው። ይጠጣበታል ወይ ልጄ፣ ጽሑፉ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፣ አንድም ፊደል አላውቅለትም። ማንበብ አልችልም ማለት አፈርኩ። ጣቴን በጽሑፉ ላይ ከዳር እዳር ጎተትኩና «አንብቤዋለሁ፣ ንጹህ ነው፣ ይጠጡበት» አልኳቸው።