ለጀማነሽ የደወልክላት እሁድ

ልጄ ኢያቄም፣ የሰማይ አምላክ በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ የካዛንቺሱ ቤታችን ጣሪያም ታድሷል።

እናቴ አትሰማም ብለህ የላክልኝን በጽሑፍ የሚያናግር ስልክ ለምጄዋለሁ፤ መልእክትህን በየቀኑ አነባለሁ። እሁድ ግን ለአክስትህ ለጀማነሽ ደወልክላት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ምን አለሽ?» ብዬ በእጄ ጠየቅኳት። «ኋላ እነግርሻለሁ» አለችኝ። ቀናሁ ልጄ፣ ምን ልደብቅህ! ነጥቄያት ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ሞቆ ነበር እንጂ ሌላ ምንም የለውም። ያኔ መስመሩ ላይ ድንገት ዝም ያልኩብህ እኔ ነበርኩ። ጀማነሽ እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ነው።

እባክህ፣ ለእሷ ጻፍላት። ለእኔ በቪዲዮ ደውልልኝና ባስተማርኩህ ምልክት አውራኝ፤ እጆችህ ናፍቀውኛል። እመቤቴ ትጠብቅልኝ።

እናትህ ሙሉመቤት