«ጥራት ያለው ይሁን፣ አደራ»

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2003

ጠዋት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። ከዮፍታሄ ጋር ቁጭ ብለን ተጨቃጨቅን። ቢሮዋ የሁለታችን ናት፤ ፕሮግራም የምጽፈው እኔ፣ ደንበኛ የሚያመጣው እሱ። ከሰዓት ዶክተር ኃይለጊዮርጊስ ክሊኒክ ሄድን። የካርድ ክፍላቸውን ወደ ኮምፒውተር ልናዞር ነው፤ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን፤ ፕሮግራሙን ጽፌ ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል። ውሉ ላይ ግን «ጥራት ያለው፣ ፈጣንና አስተማማኝ» ከማለት ሌላ ነገር የለም።

«ዶክተር፣ ፈጣን ሲሉ ምን ያህል ነው?» አልኩ።

«ልጄ፣ ፈጣን ፈጣን ነው። ጥራት ያለው ይሁን፣ አደራ።»

ዮፍታሄ በጠረጴዛ ሥር እግሬን ረገጠኝ። ስንወጣ፣ «የአባቴ ጓደኛ ናቸው። በመተማመን የሚሠራ ሥራ ነው። እንዲህ ይጠየቃሉ?» አለኝ። ለምን አይጠየቁም? መተማመን ፍጥነት ይለካል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ምሳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ። ዮፍታሄ ዓሣ ሲመርጥ አየሁት። ከራሱ ሥር መተንፈሻውን ገልጦ ቀይ መሆኑን አየ፣ በጣቱ ተጫነ፣ «የዚህ ዓይኑ ደፍርሷል» ብሎ አንዱን መለሰ።

«‹ጥራት ያለው ዓሣ ስጠኝ› ብለህ ዝም አትልም?» አልኩት።

ሳቀ። ሲሸነፍ ነው እንዲህ የሚስቀው።

ከዚያ ነገረኝ... አዲስ አበባ ያለ አንድ ባንክ ሥራ ሰጥቶታል። የክሊኒኩ ሥራ ከከሸፈ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ቢሮዋ ተዘጋች ማለት ነው። አይከሽፍም።

አርብ፣ ኅዳር 17

ፕሮግራሙ ክሊኒኩ ከገባ ሳምንት ሞላው። ዛሬ ሄጄ ጠየቅኩ። ሲስተር ሙሉዬ፣ የካርድ ክፍል ኃላፊዋ፣ «በጣም ቆንጆ ነው፣ እጅሽ ይባረክ» አለች። ካርድ አውጪው አምሳሉም «ምንም አይወጣለትም» አለ። እኔ እኮ አውቀዋለሁ... እያንጎራጎርኩ ወደ ቤት።

ሰኞ፣ ኅዳር 20

የሞባይል ቻርጀሬን እዚያ ረስቼ ነበርና ሳልናገር ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ሲስተርና አምሳሉ መደርደሪያው ላይ ተንጠልጥለው የወረቀት ካርድ ይፈልጋሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«መብራት... እ... ዛሬ ብቻ ነው» አለች ሲስተር።

ዛሬ ብቻ? ኪቦርዱ አቧራ ለብሷል። ተናደድኩ፣ በራሴ። እዚህ አገር ደክሞ ለሠራ ሰው ፊት ለፊት «አልወደድነውም» የሚል ማን አለ? እኔስ ሠርግ ቤት ወጡ ጨው ሲበዛበት «ይጣፍጣል» እል የለ? ይሉኝታ ነው። «ጥሩ ነው ወይ?» ብዬ ከጠየቅኩ «ጥሩ ነው» ይሉኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔው ነኝ ያስደበቅኳቸው።

ዶክተሩም ሰምተዋል። ኅዳር 30 ራሳቸው ቆመው ሊያዩ ነው። የዚያን ቀን አንድ ሰው ወረቀት ከነካ ውሉ ፈረሰ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ዋሸሁ። በደንብ አድርጌ።

«ይሄ እኮ የኔ ሥራ አይደለም» አልኳቸው፣ «አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ሠርተው የላኩልን ነው። ልሰድባቸው ስለሆነ አግዙኝ።»

ተያዩ። ከዚያማ ማን ያቁማቸው።

«መብራት በሄደ ቁጥር የጻፍኩት ይጠፋል። የታመመ ሰው ስሙን ሦስቴ ሲጠየቅ አይቆጣም?» ሲስተር።

«አንድ ስም እስኪያገኝ ሰልፉ ይንጫጫል። እነዚህ ልጆች በሽተኛ አይተው ያውቃሉ?» አምሳሉ።

ፊቴ ጋለ። ግን ሁሉንም ጻፍኩ።

ማታ ስድቡን አንድ በአንድ ወደ መስፈርት ቀየርኩት። ይዘገያል ላሉት፦ በሽተኛው ስሙን ከነአያቱ ተናግሮ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ካርዱ ይታይ። ይጠፋል ላሉት፦ መብራት መቼም ይሂድ መቼ፣ የተጻፈው ሁሉ ሲመለስ እዚያው ይገኝ። ይሄ የሚፈተን ነገር ነው። ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል። አሁን ምን እንደምሠራ አውቃለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 23

መስፈርቱን ለዶክተሩ ወሰድኩት፣ እንዲፈርሙ። ፊታቸው ጠቆረ።

«አላመናችሁኝም?»

ዮፍታሄ መሬት መሬት ያያል። እኔ ግን፣ «ዶክተር፣ እርስዎ መድኃኒት ሲያዙ ‹ጥሩ መድኃኒት ይሰጠው› ብለው ይጽፋሉ?»

አለቀልን አልኩ በልቤ... ሳቁ። እስክሪብቶ አወጡና ፈረሙ፤ የራሳቸውንም ጨመሩበት፦ የበሽተኛን ካርድ ከሚመለከተው ሠራተኛ በቀር ማንም አይክፈት። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያልጠየቅኳቸው ቢሆን ኖሮ መቼ ይነግሩኝ ነበር?

ረቡዕ፣ ኅዳር 29

ያስተካከልኩትን ለመሞከር ዮፍታሄ በሽተኛ ሆኖ ስም ሲናገርና ሲቀመጥ ዋለ። ወገቤ አለ። ካርዱ ቀደመው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 30

የገበያ ቀን። ከቱላ ገጠር የመጣው ሰው ብቻ ግቢውን ሞላው። ካርዱ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ዶክተሩ ጥግ ይዘው ያያሉ። መብራቱ ግን ዛሬን መርጦ አልሄድ አለ። ሳይሄድ ምኑ ተፈተነ?

ሄጄ የካርድ ክፍሉን መብራት ከብሬከሩ ራሴ አጠፋሁት። ዮፍታሄ ጭንቅላቱን ያዘ። የሲስተር ሙሉዬ እጅ ወደ መደርደሪያው ሄደ... ቆመ። መልሼ አበራሁት። ኮምፒውተሩ ተነሳ። የጀመረችው ስም ከነአያቱ እዚያው አለ።

«በቃ፣ እቀበላለሁ» አሉ ዶክተሩ፤ ወደ ሥራቸው ገቡ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ዮፍታሄ ባንኩን «አልመጣም» ብሏል። ዛሬ አዲስ ደንበኛ አምጥቶ፣ ሳልናገር እሱ ራሱ «ፈጣን ሲሉ ምን ያህል ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። አላሳፈርኩትም።

ከምሳ በኋላ ሲስተር ሙሉዬ ደወለች። «ፕሮግራምሽ ዛሬ ያንቀላፋል።»

«እነዚያ የአዲስ አበባ ልጆች...» ማለት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ተዪ እባክሽ። ያኔም ማን አመነሽ? እንደዚያ ፊትሽ ተለዋውጦ። መናገሪያ ስለሰጠሽን ነው የተናገርነው።»

አፌን ያዝኩ። ለካ የተታለልኩት እኔ ነኝ... «አሁንስ?» አልኳት።

«አሁንማ ምን አስጨነቀኝ? ያንቺ ነው፣ አላስደሰተኝም፣ ነይና አስተካክይ።»

ባጃጅ ይዤ እየሳቅኩ ሄድኩ።